የበረኛው ያልታጠበ ሹራብ

«ሹራቡ የታለ?» አለ ዶን አዳልቤርቶ፣ ገና ባርኔጣውን ሳያወልቅ።

እግዜር ያጽናሽ ማለቱን የዘነጋው ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። የክለቡ ፕሬዚዳንት ነው፤ የሦስት አውቶቡስና የአንድ ትልቅ የድንች መጋዘን ጌታ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከበር ሲገባ የሚፈልገው ነገር ይቀድመዋል፣ ሰላምታው ኋላ ይደርሳል። ኔሜሲያ ከአልጋው ጫፍ ሆና ቀና ብላ አየችው። በጥቁር ሻርፕ ተጠቅልላ፣ የባሏ ሬሳ ከታጠበ ጀምሮ ከዚያ ቦታ የተነሳችው ለቀብሩ ብቻ ነበር። ቀብሩ ትናንት ነው።

«የቱ ሹራብ?» አለችው፣ አሳምራ እያወቀች።

«የቱ ሹራብ ትለኛለች!» ምስክር እንደሚፈልግ ሰው ወደ ለቀስተኞቹ ዞረ። «ግራጫው ነዋ! እንዳታጥቢው ልልሽ ነው የመጣሁት። እሁድ ተቀያሪው በረኛ ይለብሰዋል።»

«መጀመሪያ ባርኔጣህን አውልቅ» አለች ከጥግ አንዲት አሮጊት። «የሞተው ልጄ ነው፤ ድንች አልረከሰብህም።»

አንዱ ለቀስተኛ የያዘው የእንስላል ሻይ በአፍንጫው ወጣ። አረቄ የተቀላቀለበት ስለነበር እንባው መጣ፤ ለሟቹ ያለቀሰ መስሎ አለፈለት። ዶን አዳልቤርቶ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ።

አሮጊቷ ቶማሳ ትባላለች፤ የሟቹ የፕሩደንሲዮ እናት ናት። ፊት ለፊቷ በተዘረጋው ጨርቅ ላይ ካለው የኮካ ቅጠል አንድ በአንድ እየመረጠች ታኝካለች። «እሁድ አምስተኛው ቀኑ ነው» አለች። «በአምስተኛው ቀን የሟች ልብስ በሙሉ ወንዝ ይወርዳል። ካልሲው ሳይቀር። አንተም አባትህ ሲሞት አሳጥበሃል፤ ወይስ የሊማ ሰው ሆነሃል?»

«ማማ ቶማሳ፣ ሌላውን ሁሉ እጠቡት። እኔ ስለ አንዲት ሹራብ ነው የምለምነው። ከተማው በሙሉ ነው የሚለምነው!»

«ከተማው ልጅ አልሞተበትም» አለች ቶማሳና ወደ ቅጠሏ ተመለሰች።

ሁለቱ ሲፋጠጡ ኔሜሲያን የጠየቃት የለም። እሷም የተቀመጠችበትን ፍራሽ ብቻ በመዳፏ ጫን አደረገችው። ሹራቡ እዚያ ሥር ነበር።

ቹኪፓምፓ ማዕድኗ ያለቀባት፣ ብርዷ ግን ያላለቀባት የተራራ ከተማ ናት። ክለቧ አንደኛ ዲቪዚዮን ሲገባ ዘንድሮ የመጀመሪያው ነው። የሊማ ጋዜጠኞች ስሟን በትክክል ለመጥራት ሦስት ወር ፈጀባቸው። ክለቡ ከሜዳው ወጥቶ በተጫወተ ቁጥር ያገኘው ሁሉ ይቀጠቅጠዋል፤ ወደ ባሕሩ ዳር ወርዶ በሙቀት ቀልጦ፣ አምስት ተቆጥሮበት፣ በአውቶቡስ ሌሊቱን ሙሉ ሲያዛጋ ይመለሳል። በሜዳው ግን ከመጋቢት ወዲህ ያሸነፈው የለም። የታች አገር ልጆች እዚህ ከፍታ ላይ ሃያ ደቂቃ ይሮጡና ከውሃ እንደወጣ ዓሣ አፋቸውን ይከፍታሉ። አእምሮ ያለው ሰው ቢሆን ምስጋናውን ለከፍታው ይሰጥ ነበር። ቹኪፓምፓ ግን ለሹራቡ ሰጠች።

ሹራቡ የቶማሳ እጅ ሥራ ነው፤ በአልፓካ ሱፍ የተሠራ፣ ወፍራም፣ ግራጫ። ፕሩደንሲዮ ከማልያው ሥር ለብሶት የገባ ቀን ክለቡ የመጀመሪያውን ጨዋታ አሸነፈ። በነጋታው «የድል ሹራብ አይታጠብም» ብሎ አወጀ። ከዚያ ወዲህ የሰባት ወር ላብ፣ ጭቃና የመታሻ ቅባት ጠጥቷል። ደጋፊው በረኛው ሲያልፍ እጅጌውን ነክቶ ጣቱን ይስማል። እሁድ የመጨረሻው ጨዋታ ነው። አቻ ከወጡ ይተርፋሉ፣ ከተሸነፉ ይወርዳሉ። በረኛው ደግሞ ረቡዕ ጠዋት ከጉዞ ተመልሶ፣ ሾርባ ጠጥቶ፣ ደረቴን አቃጠለኝ ብሎ ጋደም እንዳለ ቀረ። ልቡ ነው አሉ። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነበር።

የኔሜሲያ መከራ ደግሞ ሌላ ነው። እሷ የክለቡ ልብስ አጣቢ ናት። የተጫዋቹ ሁሉ ጭቃ በእጇ ያልፋል፤ ነጩን ነጭ አድርጋ የምትመልስ፣ በሥራዋ ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት። የገዛ ባሏ ግን ሸትቶ ይዞራል። «የአጣቢ ባል ሲሸት፣ የዳቦ ጋጋሪ ልጅ በረሃብ ሲሞት ማለት ነው» ብላ ጎረቤቷ ፍሎራ ስንት ቀን ገበያ መሀል አስቃባታለች። ሹራቡ ከቤት እንዳይገባ ከለከለችው። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ ውጭ፣ ምስማር ላይ እንዲሰቀል ፈረደችበት። ረቡዕ ሰዎች ሬሳውን ሲያጥቡ ወጥታ ከምስማሩ አወረደችው፤ ማንም ሳያያት ፍራሽ ሥር ከተተችው።

ዓርብ ማምሻውን ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ቁም ሳጥኑን ከፈተች። ሸሚዞቹ፣ ሱሪዎቹ፣ የእሁድ ኮቱ። አንዱን ሸሚዝ አንስታ አፍንጫዋ ላይ ያዘችው። ሳሙና። ሌላውን አነሳች። ሳሙና። ካልሲውን፣ መሀረቡን፣ የትራስ ልብሱን ሳይቀር አሸተተች፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ትዳር ውስጥ የነካውን ሁሉ በላይ በላዩ አጥባ፣ አሙቃ፣ ተኩሳ፣ ባሏን ከቤቱ ጠርጋ አውጥታዋለች። ተመልሳ አልጋው ላይ ተቀመጠች። እጇን ከፍራሹ ሥር ሰዳ ሱፉን በጣቶቿ ያዘች።

ጥር ላይ ጓንቱን እንደሚሰቅል ቃል ገብቶላት ነበር። እህቷ ወዳለችበት ሞቃት ሸለቆ ወርደው ብርቱካን ሊተክሉ፣ እሷም እጇ በበረዶ ውሃ ከመሰንጠቅ ሊያርፍ። ጓዛቸውን ግማሹን አስረው ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት ወንዝ ዳር ስታጥብ፣ ከፍሎራ ትንሽ ሬዲዮ ውስጥ አንድ ሰው «አንጋፋው በረኛ ፕሩደንሲዮ ያውሪ ለአንደኛ ዲቪዚዮን ፈረመ» አለ። ባሏን ከሬዲዮ ሰማችው።

የካቲትን በሙሉ አላነጋገረችውም። ምግቡን ታቀርባለች፣ ፊቷን ታዞራለች። እሱ ይቀልዳል፤ ግድግዳ ነው። ይለምናል፤ ግድግዳ ነው። «አንድ ዓመት ብቻ ነው የኔ ሳሙና! ሰው አንድ ዓመት አንደኛ ዲቪዚዮን አይመኝም?» ድስቱን ጠራርጋ ትወጣለች። ክለቡም በየሳምንቱ ይሸነፍ ነበር፤ እሰይ ትል ነበር በሆዷ።

በመጋቢት፣ በዝናብ፣ አንድ ለዜሮ ያሸነፉ ቀን፣ ፕሩደንሲዮ ከእግር እስከ ራሱ ጭቃ ሆኖ ገባና አሁን አጥባ ያነጠፈችው ነጭ አንሶላ ላይ ዘፍ አለ።

«አውልቅ ያንን ግም ሹራብ!» ብላ ጮኸች።

ፕሩደንሲዮ ዘሎ ተነሳ። እጁን ወደ ጣሪያ ዘርግቶ እንደ ሬዲዮ ጋዜጠኛ «ጎ-ኦ-ኦ-ኦል! ተናገረች!» እያለ ክፍሉን ዞረ። ልትስቅ አልፈለገችም። ሳቋ ግን አመለጣት፤ በዚህም ይበልጥ ተናደደችበት።

ከዚያ ወዲህ ከሜዳ ውጪ ሲሄድ ማታ ማታ ትደውልለታለች።

«በላህ?»

«በላሁ።»

«ሹራቡስ?»

«እሱም በልቷል። ወፍሯል እንዲያውም።»

«ፕሩደንሲዮ፣ እምልልሃለሁ፣ ስትተኛ በመቀስ እቆራርጠዋለሁ።»

«የትኛውን ነው የምትጀምሪው? እጅጌውን ነው አንገቱን?»

እንዲህ እየተባባሉ የስልኩ ሒሳብ ያልቃል። እንደናፈቀችው አንድም ቀን አልነገረችውም። እሱም አልጠየቃትም።

ቅዳሜ ጠዋት ከአማቷ ጋር ለለቀስተኛው ሾርባ ድንች ይልጡ ነበር።

«እማማ» አለች ኔሜሲያ፣ ነገሩ እንደማይመለከታት ሰው። «ከልብሱ አንዱ ሳይታጠብ ቢቀርስ?»

«ይመለስበታል።»

«ማን?»

«ማን ይመስልሻል? ልጄ ነዋ። ነፍስ ያልታጠበ ልብሷን ትታ አትሄድም።»

ኔሜሲያ ቢላዋዋን አቆመች። «ታዲያ ይመለሳ።»

ቶማሳ ቀና አላለችም። ልጣጩ ከእጇ ሥር እንደ ሪባን እየረዘመ ወረደ። «ፍራሽ ሥር እንደከተትሽው አውቃለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ቦታ የምትቀመጪ ዶሮ ነሽ እንዴ? እኔም ያባቱን መጎናጸፊያ ደብቄ ነበር። እንደ አንቺው፣ ይምጣ ብዬ።»

«መጣ?»

«መጣ እንጂ። ሦስት ክረምት ውሻችን ባዶ ደጅ ላይ ጭራውን ሲቆላ አየሁ።» ድንቹን ውሃ ውስጥ ጣለችው። «መምጣቱን ይመጣል ልጄ። አይገባም እንጂ። የሞተ ሰው በር አይከፍትም። ደጅ ላይ ቆሞ ይቀራል። በዚህ ብርድ። ያውም ሹራቡን አንቺ ይዘሽበት።»

ኔሜሲያ ቢላዋዋን አንስታ መላጥ ቀጠለች። 

ከሰዓት በኋላ አምበሉ ሊዛንድሮ መጣ። ከባሕሩ ዳርቻ አገር የመጣ ግዙፍ ተከላካይ ነው፤ ሁለት ዓመት ተቀምጦ ብርዱን አልለመደም፤ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሲገባ ለቀስተኞቹ ሶፋ የመጣ መስሏቸው መንገድ ለቀቁለት።

«እህቴ» አለ አጠገቧ ተቀምጦ፣ «ፕሬዚዳንቱ ሹራቡን ሳትይዝ እንዳትመለስ ብሎ ልኮኛል።»

«አልሰጥህም።»

«አልቀበልሽምም። ተቀያሪው ልጅ ሊለብሰው አይፈልግም። መልበሻ ክፍል ተቀምጦ እያለቀሰ ነው፤ ጓንቱን ለማድረግ እንኳ አፍሯል።» ሻዩን በሁለት እጁ አቅፎ ትንፋሹን አሞቀበት። «ደግሞ እኔ በዚያ ሹራብ ምክንያት የሞትኩትን ሞት አንቺ አታውቂም። ስንጓዝ አንድ ክፍል የምንተኛው እኛ ነን። በሙቀቱ አገር፣ መስኮቱ የማይከፈት ክፍል ውስጥ! አንድ ቀን በቃኝ፣ ገላውን ሲታጠብ ባልዲ ውስጥ ልዘፈዝፈው አነሳሁት። ሳሙና እንደተቀባ ሮጦ ወጥቶ እጄን ያዘኝ።»

«ለድሉ ብሎ ነዋ።»

«የምን ድል?» ሊዛንድሮ ሳቀ፤ ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረ። «ፕሩደንሲዮ እንዲህ ያለ ነገር ያምን ነበር እንዴ? ‹ኳስ አፍንጫ የላትም› ይል ነበር እኮ። ‹ይሄ ከታጠበ ኔሜሲያ በምን ሰበብ ትደውላለች?› ነው ያለኝ። ‹የካቲትን አንተ አታውቀውም› አለኝ። ‹ቤቴ ውስጥ ተቀምጬ ድምፅዋ የናፈቀኝ ጊዜ ነበር። በዚህ ሹራብ ነው ያገኘሁት። እስክታረጅ ትስደበኝ።›»

ኔሜሲያ ዓይኗን ከሻዩ እንፋሎት ላይ አላነሳችም።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብትነግራት በገዛ መረቤ ኳስ አስገብቼ ባንተ አላክካለሁ ብሎ አስፈራርቶኝ» አለ። ከዚያም ያ ሁሉ ግዝፈቱ ከነብርድ ልብሱ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ለቀስተኞቹም በዚህ ጊዜ ብርድ ነው አላሉም።

እሁድ ፀሐይ ውሃውን ትንሽ እስክታለዝበው ጠብቀው ወንዝ ወረዱ። ጨዋታው ሰባት ሰዓት ላይ ነው፤ ወንዶቹ ግማሾቹ ከመንገድ ወደ ስታዲየሙ ሸሹ። ስታዲየሙ ከወንዙ በላይ ካለው ገደል አፋፍ ላይ ነው። ሴቶቹ ዘንቢሉን አወረዱ። በአገሩ ወግ ሚስት ውሃ አትነካም፤ ባለሐዘን ዳር ትቀመጣለች፣ ጎረቤት ያጥባል። ፍሎራና ሌሎቹ ቀሚሳቸውን ከፍ አድርገው ገብተው ሸሚዙን፣ ሱሪውን፣ ኮቱን አጠቡ። ያጠቡትን ሣሩ ላይ እየዘረጉ፣ ነፋስ እንዳይወስደው ጠርዝ ጠርዙን ድንጋይ ይጭኑበታል።

«አበቃ?» አለች ፍሎራ ወገቧን ይዛ። ሁሉም ኔሜሲያን አየ።

ኔሜሲያ ከሻርፗ ሥር ሹራቡን አወጣች። ፍሎራ እጇን ዘረጋች። ኔሜሲያ አልፋት ሄደች፤ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ውሃው ውስጥ ገባች።

«ኧረ ሚስት ናት! ኧረ ነውር ነው! አስወጧት!»

«ተዋት» አለች ቶማሳ ከዳር።

ኔሜሲያ በጉልበቷ ድንጋዩ ላይ ወድቃ ሹራቡን ነከረችው። ሱፍ ሲርስ ሽታው እንደሚነሳ አጣቢ ሆና አታውቀው አይደለም፤ ይህን ቀን ግን አልገመተችውም። ፕሩደንሲዮ በሙሉ ተነሳ። ላቡ፣ ቅባቱ፣ ዝናቡ፣ አንገቱ ሥር ያለው የሞቀ ዳቦ የመሰለ ሽታው፣ ሁሉም አንዴ ፊቷ ላይ መጣ። ሳሙናው እጇ ላይ ቆመ። ፊቷን ሱፉ ውስጥ ቀበረችው። 

ከላይ ጨዋታው ተጀምሯል፤ ጩኸቱ እየጋለበ ይወርዳል። ድንገት ቀጥ አለ። ስታዲየም ሙሉ ሰው ዝም ሲል ከጩኸቱ ይልቅ ያስደነግጣል።

«ገባብን» አለች ፍሎራ በሹክሹክታ። የሴቶቹ ዓይን ሹራቡ ላይ አረፈ። ገና ሳሙና አልነካውም። አሁን ብታወጣው፣ ብታደርቀው፣ በሩጫ ብትልከው… አፋቸው አልተናገረም፤ ዓይናቸው ግን ለመነ።

ኔሜሲያ ፊቷን አንስታ ወደ ገደሉ አዳመጠች። ሜዳ ገብታ አታውቅም፤ ሰው ሲመታባት ማየት አትወድም። ዓመቱን ሁሉ ጨዋታውን የሰማችው ከዚህ ሆና ነው። ጎል በገባባቸው ቁጥር ዝምታው ላይ የባሏ ድምፅ ብቻ ይወርድ ነበር፦ «ሊዛንድሮ! አልጋ ላምጣልህ ወይ?» ከዚያ እሷ ሳሙናዋን ይዛ ብቻዋን ትስቅ ነበር። አሁንም ጠበቀች። ነፋሱ ነበር። ወንዙ ነበር።

ሳሙናውን ጫነችው።

«አንገቱን እይልኝ!» አለች። «ይሄ አንገት ነው የጭስ መውጫ? ስንቴ አልኩህ? ብብቱንማ ተወው! ሰው ሚስቱ አጣቢ ሆና እንዲህ ይዞራል? ሊማ ድረስ ለብሰኸው ሄድክ፣ በቴሌቪዥን አየሁህ፣ አፈርኩብህ። ስደውል ትስቃለህ። ሳቅ! እኔ ደሞ የደወልኩት ለሹራቡ መሰለህ? ደደብ! ለሹራብ ብሎ ማታ ማታ የሚደውል ማን አለ? የኔ ደደብ!»

ቡናማው ውሃ ከእጇ ሥር እየወጣ በድንጋዮቹ መሀል ወረደ። ፈተገችው፣ አገላበጠችው፣ ፈተገችው። ውሃው እየሳሳ፣ እየነጣ፣ በመጨረሻ እንደገባ ወጣ። የዓመቱን ጭቅጭቅ ረታች። ሹራቡን አነሳችና አሸተተችው። ሳሙና።

ያኔ ነው ከላይ ተራራው የተናደ የመሰለው። ርግቦች ከገደሉ በረሩ። ፍሎራ የሰበሰበችውን ቀሚሷን ለቃ ጨፈረች፤ «አቻ! አቻ ሆንን!» ሴቶቹ ተቃቀፉ። ጨዋታው ገና ብዙ ይቀረዋል፤ መትረፍም አለ፣ መውረድም አለ።

ኔሜሲያ ወጣች። ቀሚሷ እስከ ጭኗ ድረስ ውሃ ይተፋል። ሹራቡን ሳትጠመዝዝ፣ በመዳፏ ብቻ እየተጫነች ውሃውን አስወጣችው፤ ከዚያ ከሌሎቹ ልብሶች ራቅ አድርጋ ደረቁ ሣር ላይ ዘረጋችው። ሁለቱን እጅጌዎች ግራና ቀኝ ወጠረቻቸው። ነፋሱ አንዱን እጅጌ አንስቶ አጠፈው። መልሳ ዘረጋችው። እንደገና አነሳው።

ፍሎራ ድንጋይ ይዛ መጣች።

«አይ» አለች ኔሜሲያ።

ከሹራቡ ጎን ተቀመጠችና የእጅጌውን ጫፍ በመዳፏ ሸፍና ያዘችው። ቶማሳ ቀስ እያለች መጣች፤ ጉልበቷን ይዛ እየቃሰተች በወዲያኛው በኩል ተቀመጠች።  በሌላው እጅጌ ጫፍ ላይ እጇን አኖረች።